ጋሼ ምናለ የቀላቀለው ወይን

ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ይህን የማነሳው እንዲሁ ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር ሲመጣ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞልኝ መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የጀርባውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ሙቀት ከሚወዱ ሦስት የወይን ዘሮች ተቀላቅሎ የተሠራ ነው ይላል። «ተቀላቅሎ» የምትለዋን ሲያነብ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት። እኔ ጠርሙሱን አንስቼ ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ በብርሃን አየሁት፤ ክዳኑን አሸተትኩት፤ ገልብጬ ቂጡ ላይ የዘቀጠ ነገር እንዳለ ፈለግሁ።

«እትዬ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አለኝ እየሳቀ።

«ምንም አልጠፋብኝም። ልማድ ነው» አልኩት።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ግን አልነገርኩትም። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ሜዳው አልቆ ተረተሩ ከሚጀምርበት ላይ ነበር። ክረምት ሲገባ ደጃፋችን ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ ፎገራ ሜዳ መሆኑ ቀርቶ ውሃ ይሆናል፤ ጣና ራሱ ተነስቶ ሊጠይቀን የመጣ ይመስላል። ውሃው ሲሸሽ ከብቱ በጭቃው ላይ ይፈስሳል፣ የወተቱ ጣዕም ይለወጣል፣ ሽንብራው ይዘራል። ሩዝ ገና አዲስ ነገር ነበር። ዛሬ ሩዝ የሌለበት የፎገራ ቤት የለም፤ ያኔ ግን «ይህ ነጭ ነገር ሆድ ውስጥ ያብጣል» እያሉ የማይነኩት ሰዎች ነበሩ። እናቴ አንዷ ናት። እናቴ ገበያ ሄዳ ቅቤ ስትገዛ ከላይ አትቀምስም፤ ጣቷን እስከ ታች ሰዳ ከሆዱ ታወጣለች። በርበሬ ስትገዛ ውሃ ላይ ትበትናለች፣ የሸክላ ዱቄት ካለበት ይሰምጣል ትላለች። ማር ስትገዛ እንዲያውም ባለ ማሩን ነበር የምታየው፣ ማሩን አይደለም። የወጣሁት ከዚህች ሴት ነው።

ጋሼ ምናለ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ ወደ አዋሽ ቆላ ወርዶ በአንድ የወይን እርሻ ዘጠኝ ዓመት ሠራ። የተመለሰው በመስከረም መጨረሻ ነበር፤ በአንድ እጁ ትንሽ ሻንጣ፣ በትከሻው ላይ ደግሞ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ። እናቴ ጆንያው ሲፈታ ልታይ ተጠጋች። ውስጡ የክንድ ርዝመት ያለው ቁርጥራጭ እንጨት ብቻ ነበር፤ ቅጠል የለው፣ ፍሬ የለው።

«ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ጭራሮ ይዞ መጣ» አለች፣ እሱ እየሰማ።

«ጭራሮ አይደለም እትዬ ጥሩ፤ ወይን ነው» አላት።

ከቤታችን በላይ፣ ፊቱን ወደ ጣራ ገዳም ተራሮች ያዞረ ድንጋያማ ቁራጭ መሬት ነበረን። በሬ አያርሰው፣ ጤፍ አይበቅልበት። ጋሼ ምናለ አባቴን የለመነው ያችን ነው። ፀሐዩ ቀኑን ሙሉ ድንጋዩን ሲያግለው ይውላል፣ እነዚህ ዘሮች የሚወዱት ይህን ነው አለ። አባቴ ቃል ቶሎ የማይሰጥ፣ ከሰጠ ደግሞ የማይመልስ ሰው ነበር። ትንሽ አሰበና እንዲህ አለው፦

«ሦስት ዓመት ሰጥቼሃለሁ። በሦስተኛው ዓመት ለዳግማይ ትንሣኤ ሰው ተጠርቶ ይቀመሳል። የሚጠጣ ነገር ከሆነ መሬቱ ላንተ ነው። ካልሆነ ይነቀልና ባሕር ዛፍ እተክልበታለሁ።»

«አያ፣ ካልሆነማ እኔም እዚህ አልቀመጥም። ከወይን በቀር የማውቀው ሥራ የለኝም፤ ተመልሼ ቆላ እወርዳለሁ» አለ ጋሼ ምናለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወይኑ ከበጀ አጎቴ ከእኛ ጋር ይኖራል፣ ካልበጀ ይሄዳል። እኔ እንዲሄድ አልፈልግም ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ኋላ የማወራችሁን ስትሰሙ ክፉ ልጅ ነበረች እንዳትሉኝ ነው።

ወይኑ ያዘ። በበጋ ከጉድጓዱ ውሃ የማመላልስለት እኔ ነበርኩ፤ እሱም እንስራውን ከጀርባዬ እያወረደ ስለ እያንዳንዱ የወይን ዘር ያወራልኛል። ዘሩ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ግሬናሽ፣ ሁለተኛው ሲራ ይባላል። የሦስተኛውን ስም እሱም አያውቀውም፤ እርሻው ላይ «ጥቁሩ» ይሉት ነበርና እኛም ጥቁሩ አልነው።

«ግሬናሹ በዚህ ፀሐይ እንደ ማር ይጣፍጣል፤ ራስም ይመታል። ቀለሙ ግን ይሳሳል» አለኝ አንድ ቀን ቅጠሉን እየገለጠ። «ሲራው ቀለም አለው፤ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል። ጥቁሩ ብቻውን ከሆነ አፍ እንደ ጌሾ ያደርቃል፤ ግን እሱ ከሌለ ወይኑ ሳይበላሽ አይቆይም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጋቸው ነው?»

«እቀላቅላቸዋለሁ። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።»

እንስራዬን አንስቼ ስወርድ ይህ ነገር በልቤ ገባ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንደሚቀላቅል በግልጽ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም። የሚቀላቅል ሰው ይደብቃል። ቅቤ ከሞራ፣ ማር ከስኳር፣ በርበሬ ከሸክላ የሚቀላቅል ሰው ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ንጹሕ ነው፣ በእግዜር» ይላል እንጂ «ጉድለቱን ልሸፍን ነው» አይልም። ወይ ይህ ሰው የሚያፍርበት ነገር የለም፣ ወይ ደግሞ ከእነዚያ ሁሉ የባሰ ነው ብዬ አሰብኩ።

በሦስተኛው ዓመት ጥር ላይ ፍሬው ደረሰ። ለቀማው ላይ ሁላችንም ነበርን፤ ጣታችን ለሳምንት ጠቆረ። ከዚያ ጋሼ ምናለ ሦስት አዳዲስ ጋን ከሸክላ ሠሪዎቹ አምጥቶ ከጎተራው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጎጆ ያዘ። እናቴ እሳትና የወይራ ፍልጥ ይዛ ሄደች።

«ጋኑን ላጥንልህ» አለችው።

«አይታጠንም እትዬ ጥሩ። ጢሱ ይገባበታል።»

«እንዲገባበት አይደል የሚታጠነው? ጌሾውንስ መቼ ነው የምትጨምረው?»

«ጌሾ የለውም።»

«ብቅልስ?»

«ብቅልም የለውም።»

«ታዲያ በምን ይፈላል?»

«በራሱ ነው የሚፈላው።»

እናቴ ፍልጧን ይዛ ተመለሰች። በዕድሜዋ ስንት ጋን ጠላ የጠመቀች ሴት ናት፤ ያልታጠነ ጋን ለእሷ እንዳልታጠበ ሳህን ነው። «በራሱ የሚፈላ ምን ዓይነት ነገር ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ። በማግስቱ እሷም እኔም ከጎጆው ግድግዳ ላይ ጆሯችንን ለጥፈን ሰማን። እውነትም ይፈላል፤ ማንም ሳይነካው ውስጥ ለውስጥ ያጉተመትማል። እናቴ አማተበች።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር መጠርጠሪያ ሆነ። ጎጆዋን ቆለፈ፤ ነፋስ ያበላሸዋል አለ፤ እኛ ግን ለምን እንደቆለፈ በየፊናችን አወቅን። በጋኖቹ ላይ በኖራ ምልክት ጻፈ፤ ፊደላችን አይደለም። ማስታወሻ ደብተር ነበረው፣ እሱም በዚያው ጽሕፈት የተሞላ። እኔ ያኔ የራሳችንንም ፊደል አላነብ፤ ስለዚህ የማላነበው ሁሉ አንድ ነበር፣ ሁሉም አስማት። ጭማቂው የወጣለትን ልጣጭ ከጓሮ ሲደፋው ዶሮዎቻችን ለቀሙት። ከሰዓት በኋላ አውራ ዶሮው ሁለት እርምጃ ሄዶ በጎኑ ወደቀ፤ እግሩን አንፈራጥጦ ተኛ። በማግስቱ ተነስቶ ጮኸ።

«ይኸው ድኗል» አልኳት እናቴን።

«ዛሬ ድኗል። ነገ ምን እንደሚሆን በምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አውራ ዶሮውን ለፋሲካ ሳናርደው ቀረን። አርጅቶ ሞተ።

ዋናውን ነገር ያየሁት መጋቢት ውስጥ ነው። ረፋድ ላይ ለላሞቹ ጭድ ልወስድ ስሄድ የጎጆዋ በር ተከፍቷል። ከጭድ ክምሩ ኋላ ቆምኩ። ጋሼ ምናለ ከሦስቱ ጋን በቅል እየቀዳ በሦስት ኩባያ አደረገ። አንዱን አነሳ፣ አሸተተ፣ ተጎነጨ፣ አፉን እንደሚያጥብ ሰው ግራና ቀኝ አንቦጫረቀው፤ ከዚያ መሬት ላይ ተፋው። ጻፈ። ሁለተኛውን እንዲሁ፣ ሦስተኛውን እንዲሁ። ከዚያ ከአንዱ ወደ ሌላው ጨመረ፤ ቀለሙ ከሳሳው ብዙ፣ ከጥቁሩ ትንሽ። ተጎነጨ፤ ተፋ። እንደገና ጨመረ፣ ተጎነጨ፣ ተፋ። እግሬ እስኪደነዝዝ ቆሜ አየሁት። አንዲት ጠብታ በጉሮሮው አልወረደም።

ለእናቴ ነገርኳት።

«ዋጠ?» አለችኝ።

«አልዋጠም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። «እሱ የማይውጠውን ነው ለእኛ የሚያጠጣን» አለች። ለአባቴ እንዳልነግር አስጠነቀቀችኝ። እሷ ግን ለነፍስ አባታችን ለቄስ አዳነ ነገረቻቸው፤ ምን እንዳሏት አላውቅም።

ለምን እሱን ራሱን አልጠየቅሁትም? ብዙ ጊዜ ይህን አስባለሁ። በየቀኑ አብሬው እውላለሁ፤ «ጋሼ፣ ለምን ትተፋዋለህ?» ብለው በአንድ ቃል ይነግረኝ ነበር። ግን ሰው ሳያውቅ እሱን እያዩ መሰንበት የሆነ ጣዕም አለው። የቤቱ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። እናቴ እንደ እኩያዋ ታንሾካሹክልኝ ነበር፤ ያ እንዲቀርብኝ አልፈለግሁም።

ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። አባቴ ቄስ አዳነንና ጎረቤታችንን አያ ካሴን ጠራ። የበግ ጥብሱ ከቅቤና ከቃርያ ጋር በሸክላ ቀርቧል፤ ሽታው ደጁን ሞልቶታል። ጋሼ ምናለ ከንጋት ጀምሮ ወዲያና ወዲህ ሲል አንዲት ጉርሻ አልቀመሰም። ወይኑን ከወረታ ጠጅ ቤት በተዋሰው ብርሌ ቀድቶ ለየሰዉ አቀረበ። አያ ካሴ ብርሌውን ወደ በሩ ብርሃን አነሳው።

«ቀለሙ ያምራል። ይህ ከወይኑ ነው ወይስ የቀባኸው ነገር አለ?»

«ከልጣጩ ነው፣ አያ ካሴ።»

«እንዴ፣ እኔ መች አልኩ፤ መጠየቄ ነው» አለ አያ ካሴ፤ ብርሌውን ግን ወደ አፉ አላስጠጋም።

ቄስ አዳነ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምናለ፣ እኛ ለቅዳሴው ዘቢቡን አጥበን፣ ዘፍዝፈን፣ ጨምቀን ነው። ሌላ አይገባበትም። አንተ ሦስቱን የቀላቀልከው አንዱ ምን ሆኖብህ ነው?»

«ምንም አልሆነ፣ አባ። የእርስዎ ለቅዱስ ቁርባን ነው፤ የእኔ ለምግብ የሚጠጣ ነው። ለጣዕሙ ብዬ ነው የቀላቀልኩት።»

«ለጣዕሙ» አሉ ቄስ አዳነ፣ ቃሉን እንደሚመዝኑ።

ያኔ እናቴ ከምድጃው በኩል «በል እንደ ወጉ ቅመስልን» አለች።

ወጉን ታውቁታላችሁ። የሚያስተናግድ ሰው ከሚያቀርበው መጠጥ መዳፉ ላይ ጠብ ያደርግና መጀመሪያ እሱ ይቀምሳል። እንግዳው ያንን አይቶ ነው በእምነት የሚጠጣው። ጋሼ ምናለ ተቻኩሎ ረስቶት ነበር፤ አፍሮ መዳፉን ዘረጋ፣ ከብርሌው አፈሰሰ፣ ሳበው። ዓይኑን ጨፈነ። አፉ ውስጥ ግራና ቀኝ አዞረው። ከዚያም አንገቱን ወደ በሩ መለስ አድርጎ ተፋው።

«ጥሩ ነው» አለ፣ ራሱን በእርካታ እየነቀነቀ። ዓይኑን ሲገልጥ ነው ፊታችንን ያየው።

አያ ካሴ ምንም ሳይጠጣ ከንፈሩን ጠረገ። አባቴ ብርሌውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ተፋኸው» አለው።

«አያ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እርሻው ላይ ቀማሽ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ሲቀምስ የሚውል ሰው ሁሉን ቢውጥ ይወድቃል፤ ይተፋል። ሥራው እንዲህ ነው።»

«የራስህን ነው እኮ የተፋኸው» አለ አባቴ።

«ዛሬ ብቻም አይደል» አለች እናቴ። «ስትሠራው የሰነበትከውን ልጅቱ አይታሃለች።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ ጠየቀኝ።

«አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ይውጠው ነበር?»

«አይውጠውም» አልኩ።

አንዲት ቃል አልዋሸሁም። እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ያሰብኩት ይህንኑ ነው፤ አልዋሸሁም። ጋሼ ምናለ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የእኔ ነገር እንዳልገባው ነው ያየኝ። ከዚያ የአባቴን ብርሌ ከመሬት አንስቶ ጨለጠው። የአያ ካሴን ተቀብሎ ጨለጠው። የቄሱንም እንዲሁ፤ ከዚያ የራሱን።

«ዋጥኩት። አያችሁ?» አለ።

አየን። ግን ባዶ ሆዱን ነው፤ ቀኑም የሚያቃጥል የሚያዝያ ቀን ነው። ይህ ነገር ደግሞ ጠላ አይደለም። ትንሽ ቆሞ ሊያወራ ሞከረ፤ ላብ አጠመቀው፤ መቃኑን ይዞ ተንሸራቶ ቁጭ አለ። «ይኸው» አለች እናቴ፤ ድምጿ ውስጥ ድንጋጤም ነበር፣ «ብዬ ነበር» የሚልም ነበር። አያ ካሴ እጆቹን ያዘ፤ እናቴ ማርከሻ ነው ብላ የተልባ ውሃ በጥብጣ በግድ ታግተው ጀመር። ጋሼ ምናለ በሳቅና በትንታ መሃል «ኧረ ልቀቁኝ፣ ሰክሬ ነው፣ ሰክሬ ነው» ይላል፤ ማን ይስማው። ተልባው በአንገቱ ወረደ። ቄስ አዳነ ጸሎት ጀመሩ። ወዲያው እዚያው ተኛ፤ አንኮራፋ።

አባቴ ተኝቶ አየው። ከዚያ በሰው ፊት የሰጠውን ቃል በሰው ፊት ፈጸመ። «ይነቀላል» አለ። በጉ ተበልቶ ሳያልቅ እንግዶቹ ተነሱ። እናቴ ሁለቱን ጋን ከቤቱ በታች ወዳለው ቦይ ደፋቻቸው፤ ቦዩ ቀላ፣ ሽታው ለቀናት አልለቀቀም። እንዴት ደስ የሚል ሽታ እንደነበር አሁንም አስታውሳለሁ፤ ያኔ ግን ደስ ማለቱን ራሱን ጠረጠርኩት።

ጋሼ ምናለ በማግስቱ ጠዋት ሻንጣውንና ከሦስተኛው ጋን የቀዳውን አንድ ጀሪካን ይዞ ወጣ። አክስቴ ዘንድ፣ አንበሳሜ ሰንብቶ ወደ ቆላ ሊወርድ ነው። እስከ መንገዱ ሸኘሁት። ይቅርታ ልለው ፈልጌ ነበር።

«አንቺ ያየሽውን ነው የተናገርሽው» አለኝ። «ብትጠይቂኝ ግን እነግርሽ ነበር።»

የጭነት መኪና አስቁሞ ሄደ።

አሁን ዕድሜዬ ከእናቴ የዚያን ጊዜ ዕድሜ አልፏል። ፊደል በልጆቼ ደብተር ተምሬያለሁ፤ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ በዓለም ላይ ወይን የሚቀምሱ ሰዎች እየተፉ እንደሚውሉም አንብቤያለሁ። መጠርጠር አልተውኩም። ገበያ ስሄድ ዛሬም ጣቴን እስከ ቅቤው ሆድ እሰዳለሁ፤ በዚህ አላፍርም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ያየሁት ሁሉ እውነት ነበር፤ ያሰብኩት ግን አንዱም እውነት አልነበረም። ሰውን ከጭድ ክምር ኋላ ሆኜ ከማየው ፊት ለፊቱ ቆሜ ብጠይቀው ይሻለኛል። ይህን ያወቅሁት አጎቴን አጥቼ ነው። ያ ተረተር ዛሬ ባሕር ዛፍ ነው።

አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ለተዝካሩ ጋሼ ምናለ ከቆላ መጣ፤ ራሱ ሸብቷል። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ እኔም እናቴም የማናውቀውን ነገር ነገረኝ። እሱ ከቤት በወጣ በሦስተኛው ቀን አባቴ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብሎን የወጣው ለገበያ አልነበረም። በጭነት መኪና እስከ ሐሙሲት ሄዶ፣ ከዚያ በእግሩ አንበሳሜ ገባ። አክስቴ ቤት መደብ ላይ ተቀመጠና ከጀሪካኑ ቅዳልኝ አለው። ሁለት ብርጭቆ ጠጣና «ተመለስ» አለው። ጋሼ ምናለ እምቢ አለ። «ቅርንጫፉን የሚገርዘው ሰው ከሌለ ይበላሻል፤ ቃልህም ወጥቷል፤ ንቀለው» አለው። አባቴ እዚያው አደረ። በማግስቱ ወረታ ገባና ዶማውን ይዞ ወደ ተረተሩ ወጣ፤ አግዙኝ ሳይል ብቻውን ሦስት ቀን ሙሉ ነቀለው።